እማዬን እጅ የነሳት አጋዘን

ሰርክዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ እየሳቅኩ ስለምጽፍ ጽሕፈቴን ታገሺው!

ያለነው ጃፓን፣ ናራ ነው። ፖስት ካርዱ ላይ የምታዪው ቀይ በር ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ፣ ሺንቶ የሚባለው የጃፓኖች ጥንታዊ እምነት መቅደስ በር ነው፤ መንገዱ ግራና ቀኝ ሽበት ያወጡ በሚመስሉ የድንጋይ ፋኖሶች ተሞልቷል። እማዬ ግን አንዱንም አላየች። እንደምታውቂው ከሎስ አንጀለስ ድረስ የመጣችው ወንድሜ ሳላሀዲን ጃፓናዊት እጮኛውን ናትሱኮን እንዳያገባ "አይሆንም" ልትል ነው።

ከናትሱኮ እናት ጋር ጎን ለጎን ሲሄዱ አንድ አጋዘን መጥቶ እማዬ ፊት ጎንበስ አለ። እዚህ አጋዘን ብስኩት ሲፈልግ እጅ ይነሳል! እኛ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርኪንግ ስንሻማ ይህን እጅ መንሳት ብናውቅ ኖሮ! የወሎ ሰው መቼም ሰላም ያለውን አያሳፍርም፤ እማዬም "እንዴት ዋልክ?" ብላ ጎንበስ አለች። ደገመ፤ ደገመች። ይሄኔ ሌላ አጋዘን ከኋላ መጥቶ ነጠላዋን ከትከሻዋ ይዞ እብስ! የናትሱኮ እናት ጫማዋ እስኪወልቅ ሮጣ አስጣለችው። አራግፋ በሁለት እጇ ስትሰጣት ተያዩና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

እማዬ እንባዋን እየጠረገች "ሳላ፣ ለሰው ነጠላ እንዲህ የሮጠች እናት ልጇንማ እንዴት አድርጋ አሳድጋት ይሆን? በል አግባት!" አለችው። ሳላ ትራንስሌት ማድረጉን ረስቶ እማዬ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ናትሱኮ ግን ሳይነግራት ገባት።

ቦታ አለቀብኝ! ጋሼ ኑሩን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ቀሚስሽን ከአሁኑ አሰፊ፤ ሰርግ አለብን!

ያንቺዋ ሱሀይላ