የሄሊኮፕተሯ ክንድና የአብዱ አፍ

ሰኞ

አብዱ ዛሬም «ረጅሙን ግጠም» አለኝ። ጅዳ ሁለት ዓመት መኪና አጥቦ መጣና መካነ ሰላም ላይ የስልክ መጠገኛ ከፍቶ ኢንጂነር ሆነ። የጠገነውን ስልክ አይቻለሁ። ሲደወልለት ራዲዮ ይከፍታል።

ነገሩ እህቴ ዘይነባ ከጅዳ የላከችልኝ ሄሊኮፕተር ናት። በሪሞት የምትበር፣ አውራ ዶሮ የምታህል። የአሰሪዎቿ ልጅ ሰብሮ ሲጥላት ከቆሻሻ አነሳቻት። «ለወንድሜ ነው» ስትለው «ወንድምሽ ደግሞ ምን ያውቃል?» ብሎ ሳቀባት። በደወለች ቁጥር ከሰላምታ በፊት «ተነሳች ወይ?» ነው የምትለኝ።

የተሰበረው የሰርቮ ክንድ ነው። ሰርቮ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሞተር ናት፣ ሶስት አሉ። የእያንዳንዷ አናት ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ክንድ ይገጠማል፣ ክንዱ ቀጭን ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ የላይኛውን ክንፍ ያዘነብላል። አለቀ። አብዱ ይህን ሲያስረዳ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ያውም ተሳስቶ።

ዘይነባ መለዋወጫ በፌስታል ልካለች። ክብ፣ መስቀለኛ፣ አጭር፣ ረጅም። ክቡም መስቀለኛውም አንድ አንድ ብቻ ናቸው፣ ሶስቱ ክንዶች ደግሞ እኩል መሆን አለባቸው። ስለዚህ ወይ አጭር ወይ ረጅም። አጭሩን መረጥኩ። ረጅሙ ብዙ ይወዛወዛል፣ እንደ አብዱ ምላስ።

አባባ ግን ሰለቻቸው። ቁርኣን የሚያስቀሯቸው ደረሶች የሚቀሩበትን ሰሌዳ ሉሃቸውን እየጣሉ እኔ ጋ ይሰበሰባሉ።

«እስከ ጁምዓ ከመሬት ካልተነሳች ለአብዱ ትሰጣለች። እሱ አገር ያየ ሰው ነው» አሉ።

አገር ያየ! ያየው ጎማ ነው።

ማክሰኞ

መብራት ከጠፋ ሰነበተ። ሰፈራችን ውስጥ ጄኔሬተር ያለው አብዱ ብቻ ስለሆነ የሄሊኮፕተሯ ባትሪ ቻርጅ እስኪሆን ወሬውን መስማት ግድ ሆነብኝ።

«ስማ አንተ፣ ጅዳ ባሕሩ አጠገብ ናት» አለ። «እዚህ አየሩ ስስ ነው። እኔ ራሴ ከመጣሁ ጀምሮ ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። እሷም እንደኔ ናት። ወላሂ ረጅሙን ግጠምላት።»

«ሳንባ አላት እንዴ አቦ?» አልኩት።

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። አልገባውም ማለት ነው።

ስወጣ በሩ ላይ በጠመኔ «የሄሊኮፕተር ሳንባ እናክማለን» ብዬ ጻፍኩለት።

ረቡዕ

ባትሪው እንዳያልቅብኝ ሄሊኮፕተሯን ሳልከፍት አጫጭሮቹን ገጠምኩ። ቀጥ አድርጌ፣ ብሎኑን አጥብቄ። አምረው ነበር።

ከፈትኳት። ሰርቮዎቹ ቿ ብለው ወደየመሃላቸው ዞሩ። አንዱ ክንድ ወደ አቀስታ፣ አንዱ ወደ አጅባር፣ አንዱ ወደ ደጎሎ! አንዱ ዘንግ ተፈናቅሎ ወደቀ።

ለካ መጀመሪያ ይከፈታል። ሰርቮዋ መሃሏን ይዛ ስትቆም ነው ክንዱ የሚጫነው። አብዱ ቢያየኝ ኖሮ አገር ለቅቄ ነበር።

ነቅዬ እንደገና ጫንኩ። አናቷ ጥቃቅን ጥርስ አለው፣ ክንዱን በአንድ ጥርስ ወዲህ፣ በአንድ ጥርስ ወዲያ እያሉ ማስተካከል ነው። ሁለቱ እሺ ሲሉ ሶስተኛዋ እንቢ አለች። እንደ ቀበሌው አንድ ለአምስት ናቸው፣ አንዱ ይሰራል ሌላው ስብሰባ ይቀመጣል። ወደ ማታ ላይ ሶስቱም ቀጥ አሉ። ያለ ኢንጂነር።

ሐሙስ

አውድማው ላይ አወጣኋት። እንዳትጠፋ እግሯን በሲባጎ ከድንጋይ ጋር አሰርኩ። ደረሶቹ ከበው ቆሙ።

ጮኸች። ሳሩ ተኛ። አቧራው ተነሳ። እሷ ግን አልተነሳችም። ሪሞቱን እስከ ጥግ ገፋሁት፣ ቁጭ ብላ ታጉረመርማለች። የጎረቤት ዶሮ ደንግጣ ከሷ በላይ በረረች። ደረሶቹ ሳቁ። አባባ ከሩቅ አይተው ፊታቸውን አዙረው ገቡ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ብቻዬን ሆኜ አየኋት። ክንፏ በደንብ ይዞራል፣ የሚያዘነብለው ግን ትንሽ ነው። በዚህ ስስ አየር ምንም አይነክስም፣ አብልጦ የሚያዘነብለው ረጅም ክንድ ነው። ከዚያ አብዱ ዳገቱ ላይ አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ታየኝ።

አብዱ ልክ ነው።

ጽፌ ሳየው ያስጠላል።

ረጃጅሞቹን አወጣሁ። ክንዱ ላይ ቀዳዳዎች አሉ። ጫፉ ላይ ባለው ቀዳዳ ዘንጉን ሳስር ከጎኗ ጋር ተላተመ፣ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ስመልሰው ሳይነካ ሄደ። ስለዚህ አብዱ ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ይህ ይታወቅልኝ።

ዘይነባ ደወለች። «ተነሳች ወይ?»

«ነገ።»

 «አይዞህ፣ ባይሆንም እቃ ናት» አለች። ድምፅዋ ግን እንደዚያ አላለም።

ዓርብ

ጠዋት ባትሪውን ይዤ ወደ አብዱ። ጽሑፌ አሁንም በሩ ላይ አለ።

«አላጠፋውም፣ ደንበኛ አመጣልኝ» አለ። «ትናንት አንድ ሽማግሌ ደረቴን እዩልኝ ብለው ገቡና ስልካቸውን አሰርተው ሄዱ።» ከዚያ «የቱን ገጠምክ?» አለኝ።

«አጭሩን» አልኩ።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ አውድማው ሞላ። አባባ መጡ፣ አብዱም መጣ። ዘይነባ መስመር ላይ ናት፣ አንዱ ደረሳ ስልኩን ወደ ሄሊኮፕተሯ ዘርግቶ ያዘላት። ሪሞቱን ገፋሁት።

ጮኸች፣ ጭራዋን ወዘወዘች፣ ተነሳች! እስከ ጉልበቴ ድረስ። ሲባጎው ተወጠረ። ከዚያ ተንጋዳ አረፈች እንጂ ተነስታለች፣ ሁሉም አይቷል። ዘይነባ ከሰው አገር ኩሽና እልልታዋን አቀለጠችው፣ ከዚያ ድንገት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እመቤቲቱ መጣች» ብላ ዘጋችው።

አባባ «ከደረሶቼ አርቀህ አስነሳት» አሉኝ። ለኔ ቀረች ማለታቸው ነው።

አብዱ ጎንበስ ብሎ ሰርቮዎቹን አያቸው። ረጃጅሞቹን ክንዶች አየ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ጠበቅኩት። ቢናገር የምመልስለት ሶስት መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ሶስቱም መርዝ።

«ማሻአላህ» ብቻ አለና እያለከለከ ዳገቱን ወጣ።

ባትሪው አልቋል፣ መብራትም አልመጣም። ነገ ጠዋት ሱቁ መሄዴ አይቀርም። ምን ብዬ እንደምሰድበው እስካሁን አላገኘሁም።