"ታረቁ" ያልኳት ቀን

ውድ ልጄ፣

እናትሽን ዋሽቼ እንድሸኛት አደረግሽኝ። በደልሽ ይኸው ነው። ዙሪያ ጥምጥም እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

በቀብሩ ዕለት ሰዎች "አባትሽ ምነው አያናግሩሽም?" ሲሉሽ "ሐዘኑ ነው" ብለሻል አሉ። ሐዘኑ አይደለም። ሐዘን ከዚህ በፊትም ቤታችን ገብቶ ያውቃል። ወንድምሽን የቀበርን ዕለት አቅፌ ያባበልኩሽ እኔ ነኝ።

የእናትሽ ዓይን ከጠፋ ወዲህ መጽሐፍ የማነብላት እኔ ነበርኩ። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ፣ ባልዲ ከምሠራባቸው የዘይት ጣሳዎች ላይ ነው። መጽሐፍ ስመርጥም ማንንም አላማክርም። መጀመሪያ ለራሴ ከዳር እስከ ዳር አነበዋለሁ። ከዚያ ሱቄ ውስጥ መዶሻዬን አስቀምጬ ጮክ ብዬ እሞክረዋለሁ። ለማሳመር ብቻ የገባ ቃል በዓይን ሲያነቡት ያልፋል፤ ጮክ ሲባል ግን ይጋለጣል። ብዙው እዚያው ይወድቃል። የተረፈውን ይዤላት እገባለሁ።

እሷም ዝም ብላ የምትሰማ ሴት አልነበረችም። "ቆይ፣ ቆይ! እንዲህ ያለች ሚስት የት አለች? ይቺን የጻፋት ያላገባ ሰው ነው" ትለኛለች።

"አርፈሽ ስሚ" ስላት፣

"አንተም አርፈህ አንብብ። እንደ ቆርቆሮ አትቀጥቅጠኝ፣ እዚሁ ነኝ!"

ጆሮዬ ስለከበደ እየጮህኩ ነበር የማነበው። ጎረቤቱ ሁሉ በግድግዳ ይከታተለናል። ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ስታገኘኝ "ያ የመጽሐፉ ነጋዴ ከእስር ተፈታ እንዴ?" ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን መጽሐፉ ከብዶኝ "ይሄ ያሳዝናል፣ ይቅርብሽ" አልኳት። "እኔ ልጅ የቀበርኩ ሴት ነኝ" አለችኝ። "የሚያባብለኝ አልፈልግም። እንደኔ የሆነ ሰው ካለ እሱን አምጣልኝ።" ከዚያ በኋላ የምመርጠው በዚህ ቃሏ ሆነ።

የመጨረሻው መጽሐፍ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተኳረፉ። ታላቅየው ካረጀ በኋላ ለዕርቅ መንገድ ጀመረ። እዚህ ላይ እንደደረስን እናትሽ ታመመች፤ "ለሐኪም ቤት ይቀርባታል" ብለሽ አንቺ ዘንድ ወሰድሻት። መጽሐፉን በብብቴ ይዤ መጣሁ። በሩ ላይ አስቆምሽኝ።

"አባዬ፣ መጨረሻው ምን ይሆናል?"

"ታላቅየው የሚደርሰው ታናሽየው ከሞተ በኋላ ነው።"

"ይሄ ለታመመ ሰው ይነበባል? ታረቁ በላት።"

"አልልም።"

"ሐኪሙ አታስደንግጧት ብሏል! ልቧ አይችልም።"

"እሷን የሚያስደነግጣት ውሸት ነው። ዞር በይ።"

"እኔ ልሙት አባዬ! ልጅህ ልሙት!"

አንድ ልጅ ለቀበረ አባት ይህ አይባልም። የቀረሽኝ አንቺ ብቻ እንደሆንሽ እያወቅሽ አልሽው። አንደበቴን ያሰርሽው በዚያ ነው።

ገባሁ። እናትሽ ኮቴዬን ለየች። "መጣህ? በል፣ ሰውየው ደረሰ ወይስ ገና መንገድ ላይ ነው?" አንቺ ራስጌዋ ቆመሻል። መጽሐፉን አልገለጥኩም።

"ደረሰ" አልኳት። "ታረቁ።"

"ታረቁ?"

"አዎ። ተቃቅፈው አለቀሱ።"

ፊቷን ወደኔ አዞረች። ከዚያ "እኔ ደግሞ እውነተኛ መጽሐፍ መስሎኝ" አለች። "አረጀህ መሰለኝ። ድሮ እንዲህ ያለውን ሱቅህ ውስጥ ነበር የምትጥለው።" ወደ ግድግዳው ዞረች። ሌላ ላምጣልሽ ብላት "ይበቃኛል" አለች። አንቺ ከበላይዋ ሆነሽ በዓይንሽ አመሰገንሽኝ። በማግስቱ ዐረፈች።

መልካም አስበሽ እንዳደረግሽው ይነግሩኛል። ይሁን። እናትሽ ግን የሄደችው ባሌ መጥፎ መጽሐፍ መረጠልኝ ብላ ነው። መጥፎ አልነበረም። ታላቅየው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ለተዘጋ በር የሚናገርበት አንድ ገጽ አለ። እሱን ብትሰማ "ድገመው" እንደምትለኝ አውቅ ነበር። ሱቄ ውስጥ ስሞክረው እንኳ ለእሷ ስል ሁለቴ አንብቤዋለሁ። አሁን ባዶ ወንበሯ ፊት ቁጭ ብዬ ስጀምረው ከመጀመሪያው መስመር አያልፍልኝም። ለራሴ ማንበብም አስጠልቶኛል። መጽሐፍ የማነሳው ለማን ብዬ ነው?

ቤቴ አይዘጋብሽም። ስትመጪ ከፍቼልሽ ጤናሽን እጠይቅሻለሁ፣ ሥራሽን እጠይቅሻለሁ። ለይቅርታ አፍሽን ከከፈትሽ ግን ቤቱን ትቼልሽ እወጣለሁ። አማላጅም አትላኪ። የምለውን እዚህ ጽፌ ጨርሻለሁ። እስክቀበር ድረስ ይህ ነገር ከአፌ አይወጣም፤ በፊቴም አይነሳም።

አባትሽ