ለሥጋ ቆራጭ የሚመጥን የትምህርት ክፍል ስለመረጡልኝ

ለክቡር የኮሌጃችን ዲን
አየር ጤና

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ቤትዎም እንደ ቢሮዎ ጸጥታ የሰፈነበት ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ይህን ጽሑፍ በእጅዎ ላደርስ ደጋግሜ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ በመጣሁ ቁጥር "ስብሰባ ላይ ናቸው" ስላለችኝ፣ ስብሰባዎን ከማቋርጥ በአደባባይ ብጽፍልዎ ይሻላል ብዬ ነው። የኮሌጁን ስም አልጠቅስም። የእኔን ስም ግን እርስዎ አንዴ አደባባይ ስላዋሉት መደበቁ አይጠቅመኝም፦ ፈቀደ ደግፌ እባላለሁ። ስሙ ካልመጣልዎ "ሥጋ ቆራጩ" ልበልዎ፤ በኮሌጅዎ የምታወቀው በዚህ ነውና።

እርስዎ ነገሩን ቢያውቁትም፣ ለማያውቀው አንባቢ ስል ከመነሻው እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። ከጉርምስናዬ ጀምሮ አየር ጤና፣ ጋሽ ጥሩነህ ሥጋ ቤት ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ሥራዬን አልጠላሁትም፤ ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልበደለኝም። እሑድ እሑድ ግን በቤተ ክርስቲያናችን የሕፃናት ክፍል አገለግል ነበር፤ እየቆየ ሲሄድ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምኖረው ለዚያች እሑድ ሆነ። ባለቤቴ ውዳሴ አንድ ቀን ምሳ ይዛልኝ መጥታ ጥግ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦ "አንተ ሰውዬ፣ ጎድን እየፈለጥክ የምትዘምረው እኮ የልጆች መዝሙር ነው። ደንበኛ ሳይስቅብህ ለምን አትማረውም?"

እኔ ጿሚ ባልሆንም ሥጋ ቤት ጾም ያውቃል። በዐቢይ ጾም ጋሽ ጥሩነህ በሩን ሲዘጋ ልብሴን አጥቤ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ወደ እርስዎ መጣሁ።

አንደኛ፣ ስለዚያ ቀን ምክርዎ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ዕድሜዬን ጠየቁኝ፤ አርባ አንድ አልኩዎ። ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ሥጋ ቤት አልኩዎ። ምን መማር እንደምፈልግ ግን ሳይጠይቁኝ "ማኔጅመንት ይግቡ" አሉኝ። "ካልሆነ አካውንቲንግ" ብለው ደግሞ አማራጭ ሰጡኝ። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት መማር እንደምፈልግ ስነግርዎ መነጽርዎን አወለቁ፤ የሬጅስትራሩን ሠራተኛ ከጎረቤት ቢሮ ጠሩና "እስቲ ለእሱም ድገምለት" አሉኝ። ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" የወረድኩት በዚያች ቅጽበት ነው። እኔም ደገምኩለት። ሁለታችሁም በደንብ ከሳቃችሁ በኋላ፣ ትልቅ ሰው የሚመርጠው ትምህርት እንጀራ የሚያበላው እንጂ የሚያስቅበት መሆን እንደሌለበት መከሩኝ። ያም ሆኖ ክፍሉ ተማሪ ጎድሎት ነበርና መዘገቡኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና እውነተኛ ስለሆነ አይደንግጡ። በማታው ክፍል ብቸኛው ወንድ እኔ ነበርኩ፤ ልጆቼ የሚሆኑ ሴቶች "ጋሼ" እያሉ ማስታወሻቸውን ያውሱኝ ነበር። የሕፃናት ሥነ ልቦናን በመጀመሪያው ፈተና ወደቅሁ። ውዳሴ ማታ ማታ ጥያቄውን እያነበበችልኝ፣ እንቅልፍ ሲጥለኝ በክርኗ እየጎሰመችኝ፣ በሁለተኛው አለፍኩ። የማስተማር ልምምዱ ቀን ቀን ስለነበር ደግሞ ለጋሽ ጥሩነህ መናገር ነበረብኝ። እሱም ቢላዋውን እየሳለ፣ ቀና ሳይል፣ "ፈቄ፣ መንገድ አልዘጋብህም፤ ቦታህን ግን ባዶ ላቆይልህ አልችልም" አለኝ። በነጋታው በቦታዬ ሌላ ቆራጭ ቆመ። እንግዲህ አንድ የቤተሰብ አስተዳዳሪ በአርባዎቹ ውስጥ ሆኖ ሥራውን የለቀቀው በኮሌጅዎ ተማምኖ መሆኑን ልብ ይሉልኛል።

ለልምምድ የተመደብኩት ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር አቅጣጫ ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ነው። የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር፤ አልደብቅዎትም። በር ላይ ያገኘችኝ ሞግዚት አዲሱ ዘበኛ መስዬያት ቁልፍ ሰጠችኝ። ክፍል ገብቼ "እንደምን አደራችሁ ልጆች!" ስል፣ በሥጋ ቤት ጫጫታ ውስጥ የተገራ ድምፅ ነውና ግማሾቹ አለቀሱ፤ የቀሩት ደግሞ የሚያለቅሱትን አይተው አለቀሱ። ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ገነት ወደ ጎን ወስደው "አቶ ፈቀደ፣ ነገ ድምፅዎን ቤት ትተውት ይምጡ" አሉኝ። በነጋታው ትቼው መጣሁ፤ ቀስ በቀስም ለመዱኝ።

በዚያ ክፍል ጆሲ የሚባል የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ትምህርት ከተጀመረ አንሥቶ ጠረጴዛ ሥር ነው የሚውለው። ሊያወጡት የሞከሩትን ይነክሳል። ወይዘሮ ገነት "እስቲ እርስዎ አጠገቡ ይሁኑ" ብለው ሲሰጡኝ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም፤ ከወለሉ ላይ በሆዴ ተኛሁ። ከእኔ ጠረጴዛው ሥር የገባው ጭንቅላቴ ብቻ ነበር። ብዙ ከቆየን በኋላ፦

"አንተም ፈርተህ ነው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ማንን?"

"እነሱን" አልኩት፣ ልጆቹን በአገጬ እያመለከትኩ።

ጆሲ አየት አደረጋቸውና "አይናከሱም" አለኝ።

በማግሥቱ ጣቴን ይዞ ወጣ፤ እኔን ለማደፋፈር ይመስለኛል።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን በቁጥር መደርደር አልቻልኩም። አንዲት እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ አየችኝና ወይዘሮ ገነትን "ይሄ እኮ ጥሩነህ ቤት ሥጋ የሚቆርጥልን ሰውዬ ነው! እዚህ ምን ይሠራል?" አለቻቸው። እሷን አልወቅስም። ልጄን ያልጠበቅሁት ሰው ይዞ ባይ እኔም እጠይቅ ነበር፤ የጠየቀችውም መልስ ፈልጋ ነው። ወይዘሮ ገነት ተማሪ መሆኔን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡላቸው ወደ ኮሌጁ ደወሉ። አንድ መስመር ይበቃ ነበር፦ "አዎ፣ ተማሪያችን ነው።"

እርስዎ ግን ለጋስ ነዎትና ከዚያ የረዘመ ጻፉ። መጥተው አላዩኝም፤ ጠርተው አልጠየቁኝም፤ ወይዘሮ ገነትንም ምን እንዳዩ አልጠየቁም። "ለሕፃናቱ ደኅንነት ሲባል ተማሪው ከልምምዱ እንዲነሣ ተደርጓል" የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ላኩ፤ ለወላጆች እንዲገለጽም አዘዙ። ወይዘሮ ገነት ትእዛዝ አክብረው ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ሲለጥፉ ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም።

ቢሮዎ መጥቼ "ምን አደረግኩ?" ብዬ ስጠይቅዎ የሰጡኝን መልስ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ "ምንም አላደረግክም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የወላጅ ስልክ ሳነሣ መዋል አልችልም። ማኔጅመንት ግባ ብዬህ ነበር። አሁንም አልረፈደም።" ያለ ልምምድ መመረቅ እንደማይቻልም በትሕትና አስረዱኝ። ስወጣ ለማኔጅመንት መመዝገቢያ የሚሆን በራሪ ወረቀት ሰጡኝ፤ ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ።

ምንም ላላደረገ ሰው "ለሕፃናቱ ደኅንነት" የሚሉ ሁለት ቃላት ምን እንደሚያደርጉ ግን ቢሮዎ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ስለሆነ ላይሰማዎት ይችላል። ኮልፌ ውስጥ ወሬ ታክሲ አይጠብቅም። ሳምንቱ ሳይሞላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጠሩኝ። "ወንድም ፈቀደ፣ ነገሩ እስኪጠራ ከሕፃናት ክፍል ትንሽ ዕረፍት ብታደርግ" አሉኝ። የሚጠራው ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እርስ በርስ ተያዩና ጸለዩልኝ። ከዚያች እሑድ ጀምሮ፣ ስሜን እየጠሩ ወደ እኔ የሚሮጡ ልጆች እጃቸው በወላጆቻቸው እጅ ተይዞ በአጠገቤ ያልፋሉ።

ውዳሴን ደግሞ በዕቁብ መሐል አንዲት ሴት "ባልሽ ምን አድርጎ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ቤት መጥታ አልነገረችኝም፤ እኔ ከሌላ ሰው ሰማሁ። ያን ምሽት የታጠበ ሳህን መልሳ ስታጥብ አየኋት። በነጋታው ጠዋት ጫማዬን ሳጠልቅ ከፊቴ ቁጭ አለችና፣ "ልጠይቅህ አልፈልግም፤ አውቅሃለሁና አልጠይቅህም። አንተ ግን ጮክ ብለህ ተናገር። ዝም ካልክ እነሱ ይናገሩልሃል" አለችኝ። ድምፄን ቤት መተው ከተማርኩ ወዲህ ይህን ጮክ ብዬ የጻፍኩት ለእሷ ስል ነው።

ከሁሉ የገረመኝን ልንገርዎ። የጆሲ አባት አብርሽ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ የእኛ ቤተ እምነት ሰው አይደለም፤ ከዚያ በፊትም በሰላምታ ብቻ ነበር የምንተዋወቀው። አንድ እሑድ መኪናውን በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ አቁሞ ገባና ሽማግሌዎቹን አስጠራቸው። "ልጄ ከጠረጴዛ ሥር የወጣው በዚህ ሰው ነው፤ ሰውየው ሲነሣ ተመልሶ ገባ። ሌላ የማውቀው የለም፤ ይሄን ግን አውቃለሁ" አላቸው። አመሰገኑት፤ ባረኩት። ከሄደ በኋላ ግን "ኮሌጁ አንድ ነገር ቢጽፍልን ጥሩ ነበር" አሉኝ። የአንድ አባት ምስክርነት ያለ ማኅተም አይቆምም ማለት ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ ልምምዱ ይመልሱኝ አልልም፤ ዲፕሎማውንም አልጠይቅም፤ ከእርስዎ ጋር የትምህርት ክፍል ምርጫ ድጋሚ መወያየትም አቅሙ የለኝም። "ፈቀደ ደግፌ ምንም አላጠፋም" ብለው ይጻፉልኝ። ይህንን በአንደበትዎ ብለውኛል፤ የቀረው ማኅተሙ ብቻ ነው። አሁን ዘነበወርቅ አካባቢ ባለ ሥጋ ቤት፣ ከእኔ በዕድሜ በሚያንስ ልጅ ሥር አጥንት እፈልጣለሁ። አልዘምርም። ባለቤቱ ዝምተኛ ሠራተኛ ስላገኘ ደስተኛ ነው።

ለተቋምዎ ዕድገትን፣ ለስልክዎ ጸጥታን፣ ለእርስዎም ከማንም ወላጅ ጥያቄ የተጠበቀ ረጅም የሥራ ዘመንን እየተመኘሁ፣ ላሳዩኝ አባታዊ እንክብካቤ ወደር የሌለው ምስጋናዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ።

ባለውለታዎ
ፈቀደ ደግፌ
የቀድሞ ተማሪዎ፣ የአሁን ሥጋ ቆራጭ
ኮልፌ ቀራንዮ

የተረሳ ነገር፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ በአየር ጤና ሳልፍ አዲሱን ቢልቦርድዎን አየሁት። "ለመማር ዕድሜ አይገድብም፤ ሕልምዎን እኛ ጋ ያግኙ!" ይላል። ከጽሑፉ ሥር ወለል ላይ ተቀምጦ በሕፃናት የተከበበው ግዙፍ ሰው እኔ ነኝ፤ የኮሌጁ ፎቶ አንሺ በልምምዱ ወቅት መጥቶ ያነሣን ነው። ሳያስፈቅዱኝ በመስቀልዎ ቅር አልተሰኘሁም፤ ውዳሴም ጥሩ ወጥተሃል ብላኛለች። ነገር ግን ከሕፃናቱ ጋር መሆኔ ለደኅንነታቸው የሚያሰጋ ከሆነ ፊቴን በቀለም ያስሸፍኑልኝ፤ የማያሰጋ ከሆነ ደግሞ ያችን አንድ መስመር ይጻፉልኝ። አንዱን ይምረጡ፤ ለሰው መምረጥ እንደሆነ የሚያውቁበት ነው።