የእማ ስለት በብስክሌት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ከፋብሪካ በጊዜ ወጣሁ። የብስክሌቱን ካቴና ዘይት ቀብቼ፣ የኋላውን ጎማ ነፍቼ ገባሁ። እማ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። በጣቷ ነው የምትለቅመው፤ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል።

የዓመት ፈቃዴ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዓርብ ይጀምራል አልኋት።

"እንግዲያ ጎርጎራ ማርያም አድርሰኝ። ስለት አለብኝ።"

የምን ስለት? በ1970 ታስሬ ሳለሁ የተሳለችው ነው ለካ። አብረውኝ ከታሰሩት የወጣነው ጥቂት ነን... እሱን አልጽፍም። "በእግሬ እመጣለሁ" ብላ ተስላለች። ይኸን ሁሉ ዓመት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጉልበቷ እምቢ ሲል ጊዜ ነገረችኝ።

በጀልባ? አይሆንም። በአውቶቡስ? አይሆንም። በእግር እንዳትሄድ ገበያ ደርሳ መመለስ እንኳ አቅቷታል። ታዲያ በምን?

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

ብስክሌት! ፔዳል የሚመታው እግር አይደል? ለእማ ነገርኋት። "የማን እግር?" አለች። ካንቺ የወጣ እግር አልኋት። ሳቀች። ዳገት ዳገቱን ግን ወርዳ በእግሯ ልትወጣ... ተስማማን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። ምክንያት፦ የታመመ ዘመድ ጥየቃ። ስለት ነው ብል ማን ይፈርምልኛል? የፋብሪካው የውይይት ክበብ ከሰማ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኬላ ላይ የማርያምን ስም እንዳታነሺ ብዬ እማን አስጠነቀቅኋት።

"ማርያምን፣ አላነሳም" አለች።

ከእሷ ጋር እንዴት ይዘለቃል?

ዓርብ፣ ኅዳር 15

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። የኋላው መቀመጫ ላይ ብርድ ልብስ አጥፌ አሰርሁላት። በጎን ተቀምጣ ወገቤን ያዘች። ምን ያህል ቀላለች! ድሮ ስታዝለኝ እንዲህ ቀልዬ ነበር?

የዓባይ ድልድይ ላይ አቁም አለችኝ። ምን ይታያል? ውኃ አልኋት።

"ውኃውንማ እሰማዋለሁ። የሚታየውን ንገረኝ እንጂ።"

ስንቴ ተሻግሬዋለሁ... አይቼው ግን አላውቅም። ጭጋጉ ከውኃው ላይ እየተነሣ ነበር። አንድ ታንኳ ከደንገሉ መሃል ወጣች፤ ቀዛፊው የቆመው ጭጋግ ላይ ይመስላል። ከዳር ጉማሬ ጀርባውን ብቅ አድርጎ መልሶ ገባ። ይኸን ሁሉ ነገርኋት። የድልድዩ ጠባቂ እንዳንቆም እጁን እያወናጨፈ ነበር፤ እሱንም ነገርኋት።

ሐሙሲት ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ። እዚያው አደርን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16

ወረታ። ሙሔ ቤት ነን። ከፋብሪካችን ጨርቅ እየጫነ የሚነግድ ሰው ነው፤ ካላደርህ ብሎ ተቆጣኝ። ሚስቱ አስያ የእማን እግር አጠበች፤ ጾም መግባቱን አስባ ወጡን በዘይት ሠራች። ከራት በኋላ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። መዳፏ ላይ የእማ የብር ቀለበት...

"ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ብለው ሰጡኝ። እውነት ሊመነኩሱ ነው እንዴ?"

ሄጄ ጠየቅኋት። ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም።

"ልጄን ከሰጠሽኝ፣ በእግሬ መጥቼ ደጅሽ እቀራለሁ ነው ያልሁት። እሷ የድርሻዋን አደረገች፤ እኔ ልቅር?"

ለምን ደበቅሽኝ? "ብነግርህ ታመጣኝ ነበር?" አለች።

አላመጣትም ነበር። ብስክሌቱ የኔ ነው፣ ነገ ወደ ባሕር ዳር እንመለሳለን አልኋት።

እሑድ፣ ኅዳር 17

ስነቃ የለችም። አስያ ልታስቆማት ሞክራ አቅቷታል። ጎህ ሳይቀድ በትሯን ይዛ ወጥታለች።

ከርብ ወንዝ ወዲህ አገኘኋት። የፎገራ ሜዳ መጨረሻ የለውም፤ ከብቱ ጉም ውስጥ ሰምጧል፣ ከጉሙ በላይ ቀንድ ብቻ ይታያል። በዚያ ሁሉ መሃል አንዲት ነጭ ነጠላ። በትሯ የመንገዱን ዳር እየዳበሰች ትሄዳለች። አልተሳሳተችም። ወደ ሰሜን ነው የምትሄደው።

ወርጄ ከኋላዋ ብስክሌቱን እየገፋሁ ተከተልሁ። የካቴናውን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ዘወር አላለችም። ያን ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ በር በተከፈተ ቁጥር ስሜን እስኪጠሩ ስጠብቅ፣ ብቻዬን የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ይቺ ሴት በጀርባዬ ቆማ ነበር። ፈራኋት። እናቴን ፈራኋት... እንደ ታቦት።

ብዙ ሄድን። በመጨረሻ "ተቀመጪ" አልኋት።

"ወደየት?"

"ወደ ማርያም።"

ተቀመጠች። ወገቤን ያዘች። ፔዳሉን እየመታሁ አለቀስሁ፤ የማይታየኝ መንገድ ላይ ነበር የምነዳው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 19

የትናንቱ ዳገት አፈር አስጋጠኝ። እማ ወርዳ የኋላውን መቀመጫ ያዘች። እየገፋችኝ ነው የሚመስላት፤ እኔ ነኝ የምጎትታት። አልነገርኋትም።

አናቱ ላይ ወጥተን ወደ ኋላ ዞርሁ። ጣና ሙሉውን! እዚህ ሐይቅ ዳር እየኖርሁ ይኸን ያህል ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰማዩ የት እንደሚያልቅ፣ ውኃው የት እንደሚጀምር አይለይም። ደሴቶቹ አየር ላይ ተንሳፍፈዋል። እማ እንደ ሁልጊዜው ንገረኝ ብላ ጠበቀች። አልቻልሁም አልኋት።

"ይበቃል። ገባኝ" አለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 20

ጎርጎራ ደረስን። እማ በር ላይ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። ከዚያ ጭንቋን አወጣች፦ በእግሬ ብዬ በብስክሌት መጣሁ፤ ስለቴ ይደርስ ይሆን? አባ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ ሸምገል ያሉ መነኩሴ ናቸው የሰሟት። ብስክሌቱን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ጎማውን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። ወደ እኔ ዞረው፦

"እግርህን ያምሃል?"

"በጣም፣ አባ።"

"እንግዲያ ደርሷል" አሏት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 21

ማርያም። ከበሮው ደረቴ ውስጥ ነው የሚመታው። ግድግዳው ሁሉ ሥዕል... መላእክቱ ትልልቅ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩናል። ለእማ አንድ በአንድ ነገርኋት። ማርያም ልጇን አቅፋ የተሣለችበት ጋ ስንደርስ "እሱን ተወው፣ አውቀዋለሁ" አለችኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 22

ሰው ሲመነኩስ ፍትሐት እንደሚደገምለት አላውቅም ነበር። ፍትሐት የሞተ ሰው ነገር ነው ብዬ...

መሬት ላይ ተኛች። ነጠላ አለበሷት። ጧፍ በዙሪያዋ። የአባቴ ቀብር ላይ የሰማሁትን ያንኑ ዜማ፣ በሕይወት ባለች እናቴ ላይ ሰማሁት። ነጠላው በትንፋሿ ከፍ ዝቅ ይላል። ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝም። ተነሽና ወደ ቤት እንሂድ ልል አፌን ከፈትሁ... ዘጋሁት።

ስትነሣ ቆብ ደፉላት። እማሆይ ሆነች። ፊቷ ሌላ ነው፤ የተሸከመችውን ያወረደች ሴት ፊት። ልስማት ነው ወይስ ልሳለማት? ጉልበቷ ላይ ወደቅሁ። በእጇ ራሴን ዳበሰች።

"አለበል ልጄ፣ እህል ቀምሰሃል?"

ለዓለም ሞተች ተብላ የተነሣች ሴት መጀመሪያ የተናገረችው ይኸን ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 24

ፎገራን እየተሻገርሁ ነው። ብስክሌቱ ቀሎ አስቸገረኝ፤ መሪው አልታዘዝ አለ። ወፎቹ እንደ ደመና ተነሡ። እማ ኋላዬ እንዳለች ሁሉ ጮክ ብዬ ተናገርሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 26

ትናንት ገባሁ። ዛሬ ጎረቤታችን ባንቺአየሁ የእድሩን ሴቶች አስከትላ መጣች። እናትህ እትዬ የሺመቤት የት ናቸው? በሩን ሳልዘጋ ሁሉንም ነገርኋቸው፦ ስለቱን፣ መንገዱን፣ ፍትሐቱን። በ1970 የሆነውንም። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። መንገደኛው ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ይስማ።

ፍትሐት የሚለውን ስትሰማ ባንቺአየሁ ደረቷን መታች። ከጎኗ ያለችው ጽጌ ደግሞ እልል አለች። ተያዩ። የእድሩ ድንኳን ይተከል ወይስ አይተከል ብለው እኔኑ ጠየቁኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? "ቀብሬያት ነው የመጣሁት፤ ደህና ናት" አልኋቸው። ይኸኔ ባንቺአየሁ እልልታውን አቀለጠችው፤ ጽጌ ማልቀስ ጀመረች።

መሃላቸው ቆሜ እጄን አየሁት። እግሬን አየሁት። ይኸን ሁሉ ዓመት ስበላበት፣ ስሠራበት፣ ስሄድበት ኖሬ፣ በሕይወት መኖሬ ዛሬ ገረመኝ።