በሦስት ክላውድ ተቀምጦ የጠፋው ቤቴ

ለክቡር አቶ በላይነህ፣
የከተማ ይዞታ ዲጂታል ማዕከል ኃላፊ፣
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰነበታችሁ? አላህ ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ይህን የምለው ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም፤ የእርስዎ ጤና ከምንም በላይ እንደሚያሳስበኝ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ካነበቡት ይረዱኛል። እኔ ነጅሚያ ሸሪፍ እባላለሁ፤ ከገበያው አጠገብ ጨርቅና ክር የምሸጥ፣ ባለቤቴ ልብስ ሰፊው ሬድዋን ሐምዛ ካለፈ ገና ዓመት ያልሞላኝ ሴት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሠራተኞችዎ መጥተው የቤቴን በር «ባለቤት የሌለው ይዞታ» ብለው በቀይ ቀለም አሳምረውልኛል፤ ሰኞ ደግሞ ቤቱን ሊረከቡ እንደሚመጡ ነግረውኛል። በሩ ቀለም ካየ ብዙ ዘመኑ ነበርና ስለ ቀለሙ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሌላም የማመሰግንበት አላጣሁም።

አንደኛ፣ አዲሱን የካርታ ሥርዓት ልታስተዋውቁን ስለ ጠራችሁን ስብሰባ። በአዳራሹ ቆመው፣ ከእንግዲህ የቤታችን ካርታ በመደርደሪያ ላይ አይጥ እንደማይበላው፣ ከጉና በኩል የሚመጣው ዝናብም እንደማያበሰብሰው፣ ውጭ አገር ባሉ የሦስት ኩባንያዎች ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ እንደሚቀመጥ፣ እናንተም ሦስቱን በአንድ ኮምፒውተር እንደምታስተዳድሩና አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንደሚያነሳው አስረዱን። እኛም አጨበጨብን። ሬድዋን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሱቁን ዘግቶ ዋናውን ካርታ ለማስረከብ ከሰልፉ ፊት የቆመ ሰው ነበር። ወረቀቱንም፣ በሁለት ሰነድ ግራ እንዳንጋባ አዝናችሁልን፣ አቃጠላችሁት።

ሁለተኛ፣ ስለ አደረጃጀቱ። ሥርዓቱ ፋይል የሚያስቀምጠው በቤተሰብ ስም ነው ተባልኩ። ባልና ሚስት በአንድ ስም በሚጠሩበት አገር ተሠርቶ ይሆናል፤ እዚህ ግን ሴት ስታገባ አባቷን አትቀይርም፤ ይህን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ሥርዓታችሁ እኔን ከሸሪፍ ቤተሰብ፣ ሬድዋንን ከሐምዛ ቤተሰብ መድቦ፣ በአንድ ካርታ ላይ ጎን ለጎን ፎቶ የለጠፍነውን ሰዎች ለየብቻ አስቀመጠን። ካርታው በሙሉ በእሱ ስም በመጀመሪያው ክላውድ ገባ። ለእኔ በሁለተኛው ክላውድ ፎቶዬና ወደ እሱ ፋይል የሚወስድ አንድ ሊንክ ተሰጠኝ። ሃያ ምናምን ዓመት አብረን ስንኖር ማንም ያልፈታንን ሰዎች ኮምፒውተር ፈታን። ጉድ ነው እኮ! ያውም ያለ ሽማግሌ።

ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሬድዋን ሲሞት፣ ሕግ አክባሪ ነኝ ብዬ፣ የሞቱን ምስክር ወረቀት በገዛ እግሬ አመጣሁላችሁ። ጸሐፊዋም የሟቹን ስም ዘጋች። ስሙ ሲዘጋ ሥርዓቱ ካርታውን ከመጀመሪያው ክላውድ አጠፋው። ታዲያ ሦስተኛው ክላውድ የት ሄዶ ነው ብዬ ብጠይቅ፣ የእሱ ሥራ የመጀመሪያውን እያዩ መድገም ነው ተባልኩ፤ ያኛው ሲያጠፋ ይሄኛውም ተከትሎ አጠፋ። ክቡር ሆይ፣ ይህ ነው መጠባበቂያ? እኔማ መጠባበቂያ ማለት አንዱ ሲሳሳት ሌላው የሚይዝ መስሎኝ ነበር። ሊንኬ ዛሬም በሁለተኛው ክላውድ በደህና ተቀምጦልኛል፤ ሲከፈት ባዶ ገጽ ያወጣል። ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ።

ከዚህ በኋላ ቁጥር አልሰጥም፣ ደሜ እየፈላ ነው። ጎረቤቶቼ ወይዘሮ ማሬና አቶ ደሳለኝ፣ አጥራቸው ከአጥሬ የተያያዘ፣ ቦታው ሲለካ ገመዱን የያዙ ሰዎች፣ ሥራቸውን ትተው ሊመሰክሩልኝ ቢመጡ፣ ሥርዓቱ ላይ የሰው ምስክር የሚገባበት ቦታ የለም ብላችሁ መለሳችኋቸው። እኔን ፊት ለፊት እያያችሁኝ ባለቤት የለውም አላችሁ። አታፍሩም? በትሕትና ነው የምጠይቀው።

ሰኞ ስትመጡ በከንቱ እንዳታንኳኩ፣ በሩ ክፍት ይሆናል። የሬድዋን የስፌት መኪና ከቦታው አልተነሳም፤ እኔ ከመኪናው አጠገብ፣ ማሬና ደሳለኝም ደጃፉ ላይ እንቀመጣለን። ባለቤት የሌለውን ቤት የምትረከቡት እኛን ተራምዳችሁ ነው።

በመጀመሪያው ክላውድ የተሰረዝኩ፣ በሦስተኛው ስረዛዬ የተደገመልኝ፣ በሁለተኛው ባዶ ገጽ የሆንኩ፣ በደብረ ታቦር ግን በሕይወት ያለሁ፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ነጅሚያ ሸሪፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለአርአያነት እንዲሆን የራስዎን ቤት ካርታ ከሁላችን በፊት እንዳስገቡ በዚያ ስብሰባ ላይ ነግረውናል። ባለቤትዎ ወይዘሮ ፈንታነሽም እንደ እኔ በአባታቸው ስም ነው የሚጠሩት። ጤናዎን አደራ ያልኩዎት ለዚህ ነው፤ እርስዎ ዓይንዎን የከደኑ ዕለት፣ የእሳቸውንም በር የሚቀቡት እነዚሁ ሠራተኞችዎ ናቸው።