ሣጥኔ ውስጥ ያለው ሻፍት

ሰኞ፣ ጥቅ. 4። ጠዋት 2፡00
ወለሉ ተጠርጓል። የብረት ፍቅፋቂው በርሜል ውስጥ፣ ቁራጩ መደርደሪያ ላይ። የጠረግኩት እኔ ነኝ። በአምቦ ትልቁን ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫውን ማሽን፣ እንደ እኔ የሚያጫውት የለም፤ እጄ ላይ ግን መጥረጊያ። ያዘዘችኝ ጫልቱ ናት፣ ከኮሌጅ በወጣች በዓመቷ የወርክሾፑ ባለቤት ኃላፊ አድርጎ የሾማት። ብክነት ቀንሱ ትላለች። ይህን ሁሉ ዘመን ብረት ስልጥ ብክነት የሚባል ሰው አንድ ቀን በሩን አላንኳኳም።
አንቺ ደብተር፣ አትገረሚ። ከሰኔ ወዲህ መጻፍ እችላለሁ። ከማታ ተማሪዎች መጀመሪያ የጨረስኩት እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ የቀረነው ሁለት ነበርን፤ እሱን ለማንም አትንገሪ።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 5
ሰሌዳ ሰቀለች። ስም፣ የተመለሰ ሥራ፣ ምክንያት። የተበላሸበት ሰው በገዛ እጁ ይጽፋል። በወሩ መጨረሻ ብዙ የተመለሰበት ከማሽኑ ወርዶ ብረት መቁረጫው መጋዝ ላይ ይቆማል። መጋዝ ላይ የቆመ ሰው ሙያተኛ አይደለም፣ ዘበኛ ነው። እኔ ግን ምን ቸገረኝ።
ትንሹ ቶርኖ ላይ የሚሠራው መስፍን ፊቱ ጠቆረ። ትናንት ሁለት ቡሽ፣ የብረት ቀለበት፣ አበላሽቷል። ጠመኔውን ነጥቄ እኔው ጻፍኩለት። ምክንያት፦ «ዓይኑ ሻይ ቤት»። ቤቱ ሳቀ። እሱ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለኝ። አልጽፈውም፣ እናቴ አለችበት።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 7
ዛሬ ደግሞ ቀይ ወረቀት። ሥራ ላይ ያልዋለ ዕቃ ሁሉ ላይ ትለጥፋለች። የእኔም ሣጥን ላይ። ውስጡ ምን አለ አለችኝ። የግሌ ነው አልኳት። ወርክሾፕ ውስጥ የግል የለም፣ ሰኞ ይከፈታል አለች። አፈር ትብላ።
ለአንቺ ብቻ ልናገር። ሣጥኑ ውስጥ ናሙና ነው ያለው። ፊደልም ቁጥርም ሳላውቅ ስዕል ሲያመጡልኝ አይቼ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ከዚያ ደንበኛው ያመጣውን ያለቀ ሻፍት፣ የማሽኑን መዞሪያ ዘንግ፣ ቁጥር በሌላት ወልጋዳ የመለኪያ ኮምፓስ ለክቼ፣ አንድ ለእሱ አንድ ለራሴ እቀርጻለሁ። የራሴን እቆልፍበታለሁ። ሰውየው ሲመለስ ከራሴዋ እቀዳለሁ። «ኦቦ ድሪባ ልኬት ከጭንቅላቱ አይጠፋም» ይሉኛል። ጭንቅላቴ ሣጥን ነው፣ ይህች ልጅ ልትከፍተው ነው።

ዓርብ፣ ጥቅ. 8
ኦቦ ገመቹ መጣ፣ የእንጭኒው ባለ ወፍጮ። አካም ጅርቱ ብዬ ተቀበልኩት። ሻፍቱ በየጊዜው ያልቅበታል። ለመስፍን ስንቴ ነግሬዋለሁ፣ ደንበኛ እንዲህ ነው፣ ሳያየኝ አይከርምም።
ገመቹ ሻፍቱ ላይ የሚጠልቀውን ኩሽኔታ ሲገጥም ሻፍቱ ላይ ቆርቆሮ ይጠቀልላል። የእንጭኒ ሰው ሻፍት እንዳይበርደው ጋቢ ያለብሳል እያልኩ ስቀልድበት ኖሬያለሁ። ዛሬም ቀለድኩ። አልሳቀም። ወፍጮው ከቆመ አራት ቀኑ፣ ሴቶቹ እህላቸውን እንደ ተሸከሙ ይመለሳሉ አለ። ጫልቱ ጆሮዋን አቆመች። ለምን ቶሎ ቶሎ ያልቃል ብላ ጠየቀችው። እሱ እኔን አየ። እኔ ጣሪያውን። ያለቀውን ሻፍትና ኩሽኔታውን ትቶ ሄደ፤ ሰኞ መጥቶ አዲሱን ይወስዳል።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 9። ከሰዓት 9፡00
ሁሉም ወጥተዋል። ሣጥኑን ላሸሽ ቀረሁ። መጀመሪያ የእንጭኒውን ናሙና አወጣሁ። የጫልቱ ካሊፐር፣ ባለ ቁጥሩ መለኪያ፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ድሪባ ካሊፐር ይንቃል ይባላል፤ እኔው ነኝ ያስወራሁት። ዛሬ ያዝኩት። ማንበብ እችላለሁ አይደል።
የኩሽኔታው ቀዳዳ 40 ሚ.ሜ። ናሙናዬ 39 ተኩል።
ካሊፐሩን ሰደብኩት። ደግሜ ለካሁ። 39 ተኩል።
የቀዳሁት ካለቀው ሻፍት ነው። ብረቱ ከተበላበት ቦታ። አዲስ እያልኩ፣ ተወልዶ ያረጀ ሳስረክበው ኖሬያለሁ። በሠራሁ ቁጥር ሻፍቱ ኩሽኔታው ውስጥ ይላላል፣ በላላ ቁጥር ቶሎ ያልቃል፣ ሌላ ብረት ይቆረጣል። ቆርቆሮው ጋቢ አልነበረም።
የጊንጪውን ለካሁ። የጉደሩን። ሁሉም የተበላ። ዓይኑ ሻይ ቤት የነበረው ማን ኖሯል።

ሰኞ፣ ጥቅ. 11። ጠዋት 1፡30
ዘበኛው በ12 ከፈተልኝ። ሻፍቱን በ40 ሠራሁት። ኩሽኔታው በመዶሻ ቀስ ብሎ ገባ፣ ቆርቆሮ አልጠየቀም። አምሮበታል፤ የእኔ እጅ ነዋ።
ግን ገመቹ ዛሬ ይጠይቃል። ይኼኛው ከጠበቀ ያኛው ስለ ምን ላላ። ጫልቱም ትሰማለች። ሣጥኑን ወንዝ ልጨምረው አስቤ ነበር፣ እስከ በሩ ተሸክሜው ሄጃለሁ። መለስኩት። ሌሎቹም ወፍጮዎች በቆርቆሮ ነው የሚዞሩት።
ጫልቱን አሁንም አልወዳትም፣ ይህ ይመዝገብልኝ። ስሜን እሷ ከምትጽፈው ግን እኔ ልጻፈው። የእሷ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ነው። መጋዙም ይሁን። መስፍን ይሳቅ፣ ተራው ነው።
ሰሌዳው ላይ እንዳልሳሳት መጀመሪያ እዚህ ልለማመድ።
ስም፦ ድሪባ።
የተመለሰ ሥራ፦ አንድ ሣጥን ሙሉ።
ምክንያት፦ ካለቀው ቀድቼ። ቁጥር ማንበብ አልችልም ነበ…
የእሷ ጫማ ነው፣ ደጅ ደርሳለች። ጠመኔው የታለ