ጠፍቷል የተባለው ጥበቃ

አዳማ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

ዛሬም ደክሞኝ ገባሁ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቁት ትራንዚተሮቻችን ሰነድ ወደ ሰርቨሩ መላክ አቃታቸው። ከሩቅ ወደ ሰርቨሩ የሚገባ ሰው ፋይል ከማስቀመጥ ሌላ ምንም እንዳያደርግ የሚያግደውን የጥበቃ ደንብ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ በእኔ ተላከከ።

"ጋሼ፣ ያጥፉት በቃ፤ መኪኖቹ ወደቡ ላይ ቆመዋል" አለኝ ሥራ አስኪያጁ። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው።

የሰርቨሩን መዝገብ ሳየው ነገሩ ሌላ ነው። ባልደረባዬ ቶሎሳ ሰነዶቹ የሚገቡበትን ፎልደር ከሌላ ቦታ ኮፒ ማድረግ ሲገባው ከነበረበት ቆርጦ፣ ከት አድርጎ አምጥቶታል። ፎልደሩ ማን ሊነካው እንደሚችል የሚወስነውን የድሮ ቦታውን የደኅንነት መለያ እንደያዘ ስለመጣ ደንቡ አላስነካም አለ። ይህን ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

"ፋይል ፋይል ነው እኮ ጋሼ" አለኝ እየሳቀ።

ኮምፒውተሩ ላይ አንድ መስመር ጽፌ መለያውን አስተካከልኩት። ደንቡን አልነካሁም። ሰነዶቹ ወዲያው መግባት ጀመሩ።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ፣ "አዩ ጋሼ? ሲጠፋ እንዴት እንደሚሠራ!" አለኝ።

አላጠፋሁትም ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እንደገና ከሀ ጀምሮ ለማስረዳት ጉልበት አጣሁ። አሁን ቢሮው ሁሉ ጥበቃው ጠፍቷል ብሎ ያምናል። ነገ አንድ ሰነድ ቢታገድ፣ የአለቃውን ትእዛዝ ጥሶ ዋሸ የምባለው እኔ ነኝ።